ስሌቴን ይዤ ወደ ሆሞሻ

በሰኔ መጀመሪያ ከአዲስ አበባ የተነሳሁት የሠራሁትን ነገር በዓይኔ ለማየት ነው። ገበሬዎች ለምርጥ ዘር በወረፋ እንዳይንገላቱ ተብሎ በስልክ የሚሠራ አገልግሎት ተዘርግቷል። ገበሬው አጭር ቁጥር ይደውላል፤ አንዱ ኮምፒውተር ማንነቱን ያጣራል፣ ሁለተኛው መሬቱን ያያል፣ ሦስተኛው ዘሩን መድቦ የመረከቢያ ቁጥር ይልክለታል። ሦስቱ ተያይዘው ሲሠሩ ምን ያህል እንደሚዘገዩ በፕሮባቢሊቲ ስሌት የተነበይኩት እኔ ነኝ። ትንበያዬ ከያዘ አገልግሎቱ ወደ ሌሎች ወረዳዎች ይሄዳል። ልቤ ሞልቶ ነበር የሄድኩት።

አሶሳ

ማንጎ የደረሰበት ጊዜ ነው፤ መንገድ ዳር ተከምሮ ንብ ይዞረዋል። ባለባጃጁ እንግድነቴን አይቶ ዋጋውን ቆለለብኝ። ተከራክሬ አስቀነስኩና ድል ያደረግኩ መሰለኝ፤ ለካ አሁንም እጥፍ ነው የከፈልኩት።

በማግስቱ በሚኒባስ ወደ ሆሞሻ ሄድኩ። ቀዩ መንገድ ሌሊት በዘነበው ርሷል፤ በግራና በቀኝ የቀርከሃ አጥር፣ ከአጥሩ ኋላ ለዘር የተዘጋጀ ማሳ። የተቀበለኝ የግብርና ባለሙያው ይመር ነው። ወላጆቹ በደርግ ጊዜ ከወሎ መጥተው የሰፈሩ ናቸው፤ እሱ እዚሁ ቢወለድም አነጋገሩ ወሎን አልለቀቀም። የማሽላ ገንፎ በባሚያ ወጥ ጋበዘኝና ወደ ዘር መጋዘኑ ወሰደኝ።

መጋዘኑ ደጅ

ገበሬዎቹ አንድ ላይ መጡ። በነፊር ነው የሚሠሩት፤ ዛሬ የአንዱን ማሳ፣ ነገ የሌላውን ተሰብስበው ይዘራሉ። ስልካቸውን በእጃቸው እንደያዙ ቆሙ። ማንም አልደወለም።

«ምን ይጠብቃሉ?» አልኩት ይመርን።

«ሽማግሌው ሳይጀምሩ ማን ይጀምራል? ዶማ እንኳ አይነሳም እኮ!»

ሽማግሌው «ቢስሚላህ» አሉ። ሁሉም በአንድ ጊዜ ቁጥሩን ተጫኑ።

ስሌቴ የቆመው ሰው ለየብቻው፣ በየራሱ ሰዓት ይደውላል በሚል ግምት ላይ ነው። ሦስተኛው ኮምፒውተር ታነቀ። መልስ ሲዘገይ እንደገና ደወሉ፤ ያ ደግሞ መጨናነቁን አባሰው። እስከ ማታ ድረስ የመረከቢያ ቁጥሩ እየተንጠባጠበ ለሁሉም ደረሰ። የቀረችው ሐሊማ የምትባል አንዲት መበለት ብቻ ናት። ስልኳ «ጥያቄዎ ቀደም ሲል ቀርቧል» እያለ ይመልሳታል። ሁለቱ ኮምፒውተሮች ተቀብለዋታል፤ ሦስተኛው ጥሏታል።

አዲስ አበባ ደወልኩ። «ይስተካከላል» አሉኝ። የመጋዘኑ ሠራተኛ ግን የተረፈውን ዘር ጭኖ በማግስቱ ወደ ሌላ ቀበሌ ይሄዳል። ለመንኩት።

«ያለ ቁጥር ብሰጥ ጎዶሎው የኔ ነው፤ አንቺ አትከፍይልኝም» አለ። እውነቱን ነው።

ሐሊማ ጠጋ ብላ በምትችላት አማርኛ ነገረችኝ። «ነገ ሰው ሁሉ እኔ ማሳ ይመጣል። ዘር የለም። ሰው ሌላ ማሳ ይሄዳል። የኔ ቀን አለቀ።»

«ሌላ ቀን አይሰጧትም?» ብዬ ሽማግሌውን ጠየቅኳቸው።

«ይሰጣል፣ ሁሉ ሲጨርስ» አሉኝ አዝነው። «ዝናብ ግን እኛን አይጠብቅም፣ ልጄ።»

ማንም አልተቆጣኝም። ቢቆጡኝ ይቀለኝ ነበር።

ቤት

አዲስ አበባ ስመለስ የሥራ ባልደረባዬ ውጤቱን አይቶ ደስ አለው። «ያመለጠችሽ አንዲት ሴት ብቻ ናት። በአማካይ ትንበያሽ ይዟል፤ ሪፖርቱን ላኪው።» ቁጥሩን ደጋግሜ አየሁት። እውነትም ይዟል። ይህ ጉዞ ያስተማረኝ አንድ ነገር ቢኖር፣ በአማካይ ልክ የሆነ ሥራ ለአንድ ሰው ዓመቱን ሙሉ ስህተት ሊሆን እንደሚችል ነው። ሰዎች አብረው ይመጣሉ የሚለውን አስገብቼ ስሌቱን እንደ አዲስ ጀመርኩ፤ ሪፖርቱንም አልላክሁም።

በዚያው ሳምንት ይመር ደወለልኝ።

«የሐሊማ ስልክ ዛሬ ጮኸ። 'ጥያቄዎ ተሳክቷል፣ ዘርዎን ይረከቡ' ይላል። ማንበብ አትችልም፣ ይዛልኝ መጣች። እዚሁ ጎኔ ቁማለች፣ ደስ ብሏታል መሰል። መጋዘኑ እንደሁ ባዶ ነው። እንደ ምን ብየ ልንገራት?»

«ስልኩን ስጣት» አልኩት። «እኔ ልንገራት።»