ቁራው በር ላይ

ወንደሰን የተወለደው ጅግጅጋ ነው፤ አያቱ ወታደር ሆነው መጥተው እዚሁ ቀሩ። ሃምሳ አራት ዓመቱ ነው፣ አላገባም። ከቶጎጫሌ የሚመጣ ዕቃ የሚራገፍበትን መጋዘን ይጠብቃል። በዲሪዬ ግቢ አንድ ክፍል ተከራይቶ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ኖሯል። እኔ የጎን ጎረቤቱ ነኝ፤ ማታ ማታ ሳነብ፣ ከግድግዳው ወዲያ ብቻውን ሲያነበንብ እየሰማሁ እኔም ጠርጥሬዋለሁ። ከሐምሌ 2010 ግርግር ወዲህ በከተማችን ሰው ጎረቤቱን በሩቁ ነው የሚያየው።

ነገሩ የተጀመረው ከአንድ የረጠበ ካርቶን ነው። አሮጌ የትምህርት መጻሕፍት ነበሩበት። አሠሪው የተበላሹትን እንዲጥል ሲያዘው ወንደሰን አንዱን ይዞ ወጣ። በየገጹ የወፍ ሥዕል፣ ከሥሩ በጥንቱ የላቲን ቋንቋ አንድ መስመር። አስተማሪ የለ፣ መዝገበ ቃላት የለ፤ ሥዕሉን እያየ ቃሉን ይገምታል። ቆይቶ በደብተር የራሱን መጻፍ ጀመረ፦ የግቢውን በር ሥሎ ቁራ ያስቀምጥበታል፤ የዲሪዬን ጣሪያ ሥሎ ርግብ።

ባለፈው ክረምት ዲሪዬ የሚያፈስ ጣሪያ ሊያይ ገብቶ ደብተሩን አገኘ። ሶማልኛ በላቲን ፊደል ስለሚጻፍ እያንዳንዱን ቃል አነበበው። አንዱም አልገባውም። የገባው የገዛ ቤቱ ሥዕል ብቻ ነው።

ዓርብ ከሶላት በኋላ ወንደሰንን ግቢው መሃል አስጠራው። ሁላችንም ሆዮ፣ እማማ፣ የምንላቸው የዲሪዬ እናት ደሃቦ በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል።

«ፊደሉን አውቀዋለሁ፤ ቋንቋው የማን ነው?» አለ ዲሪዬ።

«የማንም አይደለም። የጥንት ነው።»

«የማንም ያልሆነ ነገር ነው የሚያስፈራኝ። ቤቴን ለማን ነው የምትሥለው?»

«ለርግቧ።»

«አትቀልድብኝ ወንዴ። ካላስረዳኸኝ እሑድ ክፍሉን ትለቃለህ።»

«ሰላይ ቢሆን» አሉ ሆዮ ደሃቦ፣ «ይሄን የተቀደደ ጫማ ያደርግ ነበር?»

ወንደሰን መጽሐፉን አመጣ። ዲሪዬ ሥዕሉን በመዳፉ ከድኖ መስመሩን አነበበ።

«ቁራው በር ላይ ተቀምጧል» አለ ወንደሰን።

ዲሪዬ እጁን አነሳ፤ ልክ ነው። «በቃልህ ይዘኸዋል» አለ።

«እንግዲያው ለእናትህ አንብብላቸው።»

ሆዮ ደሃቦ የትምህርት ቤት ደጃፍ ረግጠው አያውቁም። ዲሪዬ ሥዕሉን እያሳየ አነበበላቸው። «ኮርቩስ ኢን ፖርታ ሴዴት»፣ ቁራው በር ላይ። «ኮሉምባ ኢን ቴክቶ ሴዴት»፣ ርግቧ ጣሪያ ላይ። የሦስተኛውን ገጽ ሥዕል ግን ከደነው። «ኮርቩስ ኢን ቴክቶ ሴዴት።»

አሮጊቷ ጥቂት አሰቡ። «ቁራው ጣሪያ ላይ ወጣ» አሉ።

ዲሪዬ ከመዳፉ ሥር አጮልቆ አየ። ቁራው ጣሪያ ላይ ነው። ከዚያ ደብተሩን መለሰ፤ መጽሐፉን ግን ብብቱ ሥር አደረገው።

«እስከ መጨረሻው ገጽ ሳላጣራ የትም አትሄድም» አለ።

ከዚያ ወዲህ ዓርብ ዓርብ አንድ ገጽ ያጣራሉ። ዲሪዬ አሁንም ሥዕሉን ይከድናል፣ አሁንም ወንደሰንን በጎሪጥ ያየዋል፤ ራሱ የገመተው ልክ ሲሆን ግን ጢሙን ይዳብሳል። ሠላሳ አንድ ገጽ ይቀራል። ወንደሰን ቶሎ እንዲያልቅ አይፈልግም።