ለአማቴ የሠራኋት ጀልባ

በረሀቡ ዘመን አማቴ፣ የባለቤቴ እናት፣ በሐምዳይት በኩል ሱዳን በእግራቸው ገብተው፣ ገዳሪፍ አጠገብ ካለው የስደተኛ ሰፈራችን ሲደርሱ ከአጥንታቸው ሌላ የተረፋቸው ኩራታቸው ብቻ ነበር። እኔና ባለቤቴ የምንኖረው ባንዲት የአገዳ ጎጆ ነው። ገና ከደጅ ነጠላቸውን እስከ አፍንጫቸው ሳቡና ለልጃቸው፣ «ከአማቼ ጋር ባንድ ጓዳ ልተኛ? ምን ነካሽ!» ብለው ወደ እንግዳ መቀበያው ድንኳን ተመለሱ። ድንኳኑ ውስጥ ተቅማጥ ገብቶ ሰው ይረግፍ ነበር። ባለቤቴ አለቀሰች፤ እኔም ፈራሁ።

ያኔ የውሃ ጉድጓድ ለሚቆፍር ፈረንጅ፣ ሱዳኖች «ከዋጃ» ለሚሉት፣ እሠራለሁ። ጉድጓዱ ውሃ ቢሰጥም ቢነሳም የሰውዬው ወሬ አገሩ ስለተዋት በነፋስ የምትሄድ ትንሽ የሸራ ጀልባ ነው። ጥቁሩ አፈር ላይ በዱላ እየሣለ ያሳየኛል። እንዳትገለበጥ ከሆዷ ሥር የእርሳስ ክብደት አላት። ምድጃዋ ተንጠልጥሎ ስለሚወዛወዝ ጀልባዋ ብታዘነብል ድስቱ አይደፋም። ገበታው ዝቅ ሲል አልጋ ይሆናል፤ ዕቃው ከመቀመጫው ሥር ይከተታል። «ለመዝናኛ ነች» አለኝ። ለመዝናናት ብሎ እንዲህ ተጣቦ የሚተኛ ሰው መኖሩን ስሰማ ከልቤ አዘንኩለት።

«የሚስትህ እናትስ የት ይተኛሉ?» አልኩት።

ሹሉን የፊት ክፍል በዱላው ነካ አደረገ። በመጋረጃ የተለየ መኝታ ነው፤ ለብቻው የሚከፈት መውጫም አለው።

በማግስቱ የጎጆዬን ጀርባ ቀድጄ፣ በአገዳና በሸራ እንደዚያች ጀልባ አፍንጫ ሹል አድርጌ ቀጠልኩት። መካከሉን በሰሌን ጋርጄ የራሱን በር አወጣሁለት። ጎረቤቱ ሁሉ መሳቂያ አደረገኝ።

«ባሕሩስ መቼ ይመጣል?» አለኝ አንዱ።

«ክረምት ይግባና ታየዋለህ!»

አማቴን በባለቤቴ አስጠራኋቸው። ዙሪያውን ዞሩ፤ በሩን ከፍተው ዘጉት። «በሩ ከተለየ ቤቱም ሌላ ነው» ብለው ገቡ።

እንደ ወጉ አንተያይም፤ ሰሌን ግን ጆሮ አይጋርድም። የሚያሳስበን ምግባቸው ነበር፤ ልጃቸው ስታቀርብላቸው አንድ ሁለት ጎርሰው «በቃኝ» ይላሉ። በአማች እንጀራ መጥገብ ነውር ሆኖባቸዋል።

አንድ ቀን ምሳ ላይ ወጡ ጨው በዝቶበታል ብዬ ከባለቤቴ ጋር ተጨቃጨቅን። እሷ ሙያዬን ነካህ ብላ ስታፋጥጠኝ ከሰሌኑ ወዲያ ጉሮሮ ተጠረገ።

«አንቺ ልጅ፣ እውነቱን ነው፤ ጨውሽ በዝቷል» አሉ አማቴ። ከዚያም ባዶ ሳህናቸውን በሰሌኑ ሥር ወደኛ ገፉት። «ለኔ ግን ድገሚኝ።»