ለነገ የቀረችው አንዲት ትርጉም

ደብረ ማርቆስ ላይ ያሰሩኝ ክፍል ጣሊያን ሳይመጣ የገብስ ማከማቻ ነበር። ሽታው ከግድግዳው አልለቀቀም፤ ለራበው ሰው ክፉ ሽታ ነው። ያኔ የቅኔ ተማሪ ነበርሁ። ለአርበኞች ወሬ ታመላልሳለህ ብለው ከመንገድ ያዙኝ።

ውስጥ ኮት የለበሰ ጎልማሳ ተቀምጦ አገኘሁ። ኋላ እንዳወቅሁት ለአንድ የውጭ ሐኪም እንግሊዝኛ ያስተረጉም የነበረ፣ ከሩቅ አውራጃ የመጣ ሰው ነው። እንግሊዝኛ ማወቁ ብቻ ሰላይ አሰኝቶታል። በዚያ ቋንቋ አንዲት ቃል ቢተነፍስ እንደሚገረፍ ነግረውታል። እሱም አማርኛውን ጭምር ተወው መሰል፣ እኔን አያናግረኝም። ሁለት ሆኖ ብቸኛ መሆን ከባድ ነው፤ ግድግዳውን ማናገር እስኪያምረኝ ድረስ ከፋኝ።

አንድ ቀን ግሴን ሳነበንብ ዞር አለ።

"ምንድን ነው የምታጉረመርመው?"

"የግእዝ ግስ ነው ጋሼ። ካልደገምሁት ይጠፋኛል።"

"የኔም እንግሊዝኛ እየጠፋኝ ነው፤ የሚሰማኝ የለማ። አንዲት ቃል ላስይዝህ?" አለ በሹክሹክታ።

"ጌት" የምትባል ናት። ሰው ሲያገኝም ጌት፣ ከመኝታው ሲነሳም ጌት፣ ሲታመም፣ ቤቱ ሲደርስ፣ ነገር ሲገባው፣ ሁሉም ጌት። አንዳንዴ ከኋላዋ ትንሽ ቃል ይቀጥሉላታል እንጂ እሷው ናት። እኔም እንደለመድሁት እንደ ግእዝ ላረባት ተነሳሁ፦ "ጌተ፣ ይገይት፣ ይጊት..." ሳቁን በኮቱ እጅጌ አፈነው። ሲስቅ ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

"እናንተ ቤት እንዴት ነው የምትማሩት?" አለኝ።

"የትናንቱን ቆመን ለየኔታ እናሰማለን። ሳናሰማ አዲስ አይሰጡንም። ደስ ሲላቸው 'ይበል' ይላሉ።"

"እንግዲያው ነገ አሰማኝ። አንዲት ትርጉም ቀርታለች፤ እሷን ያኔ እሰጥሃለሁ።" ቆይቶ ደግሞ፣ "እዚህ አገር የሚያውቀኝ አንተ ብቻ ነህ" አለ።

በማግስቱ ጠዋት አስካሪዎች፣ የጣሊያን ቅጥር ወታደሮች፣ መጥተው እጁን የፊጥኝ አሰሩት። ወዴት እንደሚወስዱት አልጠየቀም። የሚሸኘው ዘመድ የለውም። ተነስቼ ቆምሁ።

"የኔታ፣ ይስሙኝ!" አልሁ።

ድምፄን ከፍ አድርጌ ጌትን ከነትርጉሟ አወረድኋት። የጠመንጃ ሰደፍ ጎኔን ሲመታኝ 'ቤቱ ሲደርስ' የሚለው ላይ ነበርሁ፤ ቀጠልሁ። እሱ እየጎተቱት በሩን ተደግፎ እስክጨርስ ሰማኝ።

"ይበል" አለ። ወሰዱት። አልተመለሰም።

አሁን አርጅቻለሁ። ሬዲዮው በእንግሊዝኛ ሲያወራ ጆሮዬን እጥላለሁ። ከዚያ ሁሉ ቃል የማውቀው አንዷን ነው፤ ስታልፍ ገበያ መሀል ዘመድ ያየሁ ይመስለኛል። ደስ ይለኛል፣ ወዲያው ደግሞ በሩን ተደግፎ ሲሰማኝ ይታየኛል። የቀረችውን ትርጉም የሚነግረኝ አስተማሪ ከተማው ውስጥ ሞልቷል። አልጠየቅሁም። የኔታ ለነገ ብለውኛል።