በስልክ የመጣ መርዶ

ትናንት ኩባንያው ያንን ከኮምፒውተር ሌቦች ተጠንቀቁ የሚል ቪዲዮ ደግሞ ላከልን። ከቤቱ ሆኖ በኮምፒውተር የሚሠራ ሁሉ በየዓመቱ ካላየው አይለቁትም። አንዲት ፈገግታ የማይለያት ሴት ወጥታ «የሚያምኑትንም ሰው ያጣሩ» ትላለች። እኔን ነው የምትመክረው! ፊደል የቆጠርኩት ሠላሳ ዓመት ካለፈኝ በኋላ ነው። ከዚያ በፊት «እዚህ ጋ ፈርም» ያለኝ ሁሉ ሲያስፈርመኝ ኖሯል። ማጣራትን ከእሷ አልማርም።

ነገሩ የሆነው ኮሮና ሰውን ሁሉ ቤቱ በከተተበት ጊዜ ነው። ፀጉሬ ገና ጥቁር ነበር። ኩባንያችን የኩላሊት ሕመምተኞችን ለሚያመላልሱ መኪኖች ስምሪት ይሰጣል። አትላንታ አጠገብ ኖርክሮስ ያለው ቢሮ ሲዘጋ እያንዳንዳችን ላፕቶፕ ታቅፈን ቤታችን ገባን። የሕመምተኞቹ አድራሻ፣ የበራቸው መክፈቻ ቁጥር ሳይቀር እዚያ ውስጥ አለ። ሠራተኛ በአዲስ ኮምፒውተር ልግባ ሲል ጥያቄው እኔ ስልክ ላይ ይመጣል፤ እኔ አፕሩቭ አድርጌ ካልፈቀድኩ አይገባም። አለቃው ይህን ሥራ የሰጠኝ ወድዶኝ አይደለም። ማንንም እንደማላምን ስለሚያውቅ ነው።

ዛፉ የአበባ ብናኙን የሚያራግፍበት ሰሞን ነበር። አትላንታ በዚያ ሰሞን መኪናው፣ በረንዳው፣ የሰው ጫማ ሁሉ ቢጫ ይለብሳል። እኔ እያስነጠስኩ ሳለ አንድ የማላውቀው ሰው ደወለ። ድምፁ ቅቤ ነው።

«ጋሼ ደምሴ፣ የአስቴር የአጎት ልጅ ነኝ። እናቷ አገር ቤት አርፈዋል። እሷ አልሰማችም፤ ነገ ማለዳ ተሰብስበን ልናረዳት ነው። እባክዎ እንዳይነግሯት።»

አስቴር ከእኛ ጋር የምትሠራ፣ ከከተማው ወጣ ብሎ ሊቶኒያ የምትኖር ሴት ናት።

«እግዜር ያጽናችሁ። እኔ ምን ላድርግ?»

«ዛሬ ጓደኞቿ ሰበብ ፈጥረው ይወስዷታል። ሺፍቷን እኔ ከቨር አደርግላታለሁ፤ ፓስወርዷ አለኝ። ከኮምፒውተሬ ስገባ አፕሩቭ ያድርጉልኝ።»

እኛ ዘንድ መርዶ አይጣራም። ሐዘንተኛዋን ደውለህ «እናትሽ ሞቱ ወይ?» አትልም። ሌላም ሰው አትጠይቅም፣ ወሬው እንዳይደርሳት። ታዲያ ሌባ ቢሆን ከዚህ የተሻለ በር ከየት ያገኛል? ሁላችንም አፋችንን ይዘን እናስገባዋለን። እኔ ግን እምቢ ብዬ ስልኩን ዘጋሁበት።

ቁጥሬን ለሰውዬው የሰጠችው ሰላም የምትባል የሥራ ባልደረባችን ነበረች። እምቢ ማለቴን ከእሱ ሰምታ ወዲያው ደወለች።

«ጋሼ፣ ምን ዓይነት ሰው ነህ? እናቷ ሞታለች እኮ! ቆይ፣ ልብ የለህም?»

«ሰውዬውን ታውቂዋለሽ?»

«የአጎቷ ልጅ ነው።»

«ማን አለሽ?»

«ራሱ።»

መኪናዬን አስነስቼ ሊቶኒያ ወረድኩ። ነዳጅ ማደያው ጋ የተቀቀለ ለውዝ ገዛሁ። ለማንም ምንም ይዤ ሄጄ ስለማላውቅ ይሄም ያስጠረጥራል፤ ግን ባዶ እጅ ምን ብዬ ልግባ? አስቴር በረንዳዋ ላይ ወንበር አወጣችልኝ። ለውዙ ጨው በዝቶበታል፤ እየፈለፈልን በላን።

«በርበሬ አልቆብኛል። እናትሽ ይልኩልኝ እንደሆን አሁን ደውለሽ ጠይቂልኝ» አልኳት።

«አንተ? ሰው ትለምናለህ?» ብላ ስቃ ደወለች።

ስልኩ ጠራ። ደግሞ ጠራ። እጄ ላይ ያለውን ለውዝ ጨብጬ ቀረሁ። ጠራ።

«ሄሎ! በዚህ ማታ ምን ሆናችሁ ነው?» አሉ አሮጊቷ፣ በቁጣ።

ስልኩን ስትዘጋ ሁሉን ነገርኳት። ፓስወርዷን ክርስትና የሄደች ቀን ሺፍቷን እንዲሸፍንላት ለአንድ ሰው ሰጥታ ነበር፤ እሱ ደግሞ ለማን እንደሰጠ ማን ያውቃል። ወደዚያ ባለ ለስላሳ ድምፅ ሰውዬ ስልክ ብንደውል ተዘግቷል። ታመሰግነኛለች ብዬ ጠበቅሁ።

«ጋሽ ደምሴ፣ እናቴ ስልኩን ባታነሳውስ ኖሮ?» አለችኝ። «በገዛ እጄ አስደውለህ ልታረዳኝ ነበር?»

«ሌባው ገብቶ ቢሆንስ?» አልኳት።

የተረፈውን ለውዝ ከነከረጢቱ መለሰችልኝ። ከዚያ ወዲህ ስሜ «መርዶ እንኳ የማያምነው» ሆኖ ቀረ።

ዘንድሮ ወንድሜ አገር ቤት ሞተ። ማለዳ በሬን ያንኳኳ የለም። ከአስቴር ስልኬ ላይ ጽሑፍ መጣ፦ «ወንድምህ አርፏል። ብንመጣም አታምነንም ብለን ነው። የለቅሶው ድንኳን ፎቶ ይኸውልህ።» በስንት መከራ በተማርኩት ፊደል አንድ በአንድ አነበብኩት።

ያ ባለ ቅቤ ድምፅ ሰውዬ ዛሬም ቢደውል አላስገባውም፤ ልክ ነበርኩ። ቪዲዮው ላይ ያለችው ሴት ግን ሰው ካጣራ በኋላ ስለሚመጣበት ምንም አትልም። የአስቴርን መልእክት አንብቤ ስጨርስ፣ እንደ ልማዴ ላጣራ ብዬ የወንድሜን ስልክ ደወልኩ። ጠራ። ደግሞ ጠራ።