ነጭ በረዶ ላይ የተመታው ምንጣፍ

በሩ ሲንኳኳ ዛውሬ ገና ሳትከፍት ተናድዳ ነበር። ከጠዋት ጀምሮ የጎረቤቶቿ ሳቅና የምንጣፍ መምቻ ድምፅ ከግቢው እየመጣ ጆሮዋን በልቶታል።

አዲስ በረዶ ሲጥል ምንጣፍ አውርዶ፣ በግንባሩ ደፍቶ መምታት የካዛክ ወግ ነው። በቆክታስ ከተማ ግን ማን ይደፍር ነበር? የማሞቂያና የኤሌክትሪክ ጣቢያው የከሰል ጭስ በረዶውን ባንድ ሌሊት ያጠቁረዋል። ምንጣፍ ይዞ የወረደ ይበልጥ አቆሽሾት ይመለሳል። ዘንድሮ ጣቢያው ከሰሉን ትቶ በጋዝ መሥራት ጀመረ፤ በረዶውም ነጭ እንደሆነ ከረመ። ሰፈሩ በሙሉ ምንጣፉን ተሸክሞ ሲወርድ ዛውሬ ብቻ ቀረች።

ባሏ ሰይትጃን ዕድሜውን የጨረሰው በዚያ ጣቢያ ከሰል ሲያራግፍ ነው። ክረምት ከሰሉ በቅዝቃዜው ደርቆ ከባቡሩ ፉርጎ ጋር አንድ ላይ ይጋገራል፤ በብረት ዘንግ እየፈነቀለ ነበር የሚያወርደው። ማታ ቢታጠብም ጥቁሩ ሙልጭ ብሎ አይለቅም። ከዚያ እናቱ በሸመነችው ቀይ ምንጣፍ ላይ ይጋደምና «ጋዙ ይምጣ ብቻ፤ ይቺን ራሴ አውርጄ በረዶ ላይ እመታታለሁ» ይላል።

ጋዙ ለሚቀጥለው ክረምት ተባለ። ክረምቱ ሲደርስ ደግሞ ለሚቀጥለው ተባለ። አለቆቹ ወንበር ተቀያየሩ፣ ሪባን ቆረጡ፣ ተጨበጨበላቸው። ሰይትጃን ግን ማሳል ጀመረ፤ መጋደም አቅቶት ተቀምጦ ማደር ጀመረ፤ ከዚያ ሞተ። የጣቢያው ሐኪም «ሲጋራ ነው» አለ። ሰይትጃን እኮ በሕይወቱ ሲጋራ አፉ ላይ አድርጎ አያውቅም! ዛውሬ ከቢሮ ቢሮ ተንከራተተች። የፈለገችው ካሳ አልነበረም። አንድ ሰው፣ አንድ እንኳ፣ «ከሰላችን ነው» እንዲላት ነበር። ሁሉም ትከሻውን ነቅንቆ ሸኛት።

በሩን ስትከፍት አንድ ጎልማሳ ከካሜራ ባለሙያ ጋር ቆሟል።

«አፓ፣ እንዴት አደሩ?» አለ፣ በካዛክኛ እንደ እናት አክብሮ እየጠራት። «አይዶስ እባላለሁ፤ ከጣቢያው ሕዝብ ግንኙነት ነው የመጣሁት። የነባር ሠራተኛችን ባለቤት በነጭ በረዶ ላይ ምንጣፏን ስታጸዳ ለቴሌቪዥን ልንቀርጽ ነበር። መጨረሻ ላይ አንዲት ምስጋና ቢጤ...»

«ማንን ነው የማመሰግነው?»

«ያው ጣቢያውን ነዋ፤ ለንጹሑ አየር!»

ፊቱ ላይ ልትዘጋበት በሩን ያዘች። ዓይኗ ግን ወለሉ ላይ፣ ሰይትጃን ከሞተ ወዲህ ማንም እንዲነካው ባልፈቀደችው ምንጣፍ ላይ ዐረፈ። «ቆይ» አለችው። «ጠቅልለህ ተሸከምልኝ።»

ግቢ ሲደርሱ ጎረቤቷ ራይሳ ጮኸች። «ኧረ ዛውሬ ወጣች! ቴሌቪዥን ካልተላከልሽ አትወርጂም ነበር?»

«መምቻሽን አምጪ፣ ወሬኛ!»

ዛውሬ ነጩን ቦታ መርጣ ምንጣፉን በግንባሩ ደፋችውና መምታት ጀመረች። ሐኪሙን መታች፣ ባለ ሪባኖቹን መታች፣ «ለሚቀጥለው ክረምት» የተባለበትን ዓመት ሁሉ መታች። ክንዷ ሲዝል ከራይሳ ጋር ጫፍና ጫፉን ይዘው አነሡት።

ከሥሩ በረዶው ጠቁሯል፤ መሐሉ ላይ የተጋደመ ሰው የሚያህል ቦታ ደግሞ ከሁሉም ብሶ ጠቁሯል። ሳቁ ቆመ።

«አፓ፣ ወደዚያ ወደ ንጹሑ እንውሰደውና እንደ አዲስ እንቅረጽ» አለ አይዶስ።

«ንክች እንዳታደርገው! ሰይትጃን የሚተኛው እንዲህ ነበር፤ ራሱ በዚህ፣ እግሩ በዚያ። ሲጋራ ነው አላችሁኝ። በል ና፣ ይሄ የምን ሲጋራ ነው?»

አይዶስ ጎንበስ ብሎ ከጥቁሩ ቆንጠር አደረገና በጣቶቹ አሸው።

«ከሰል ነው» አለ፣ በሹክሹክታ።

«ጮክ በል» አለችው ዛውሬ፣ መምቻውን እንደጨበጠች። «ካሜራው አልሰማህም።»