ፍርሃታችንን ያልናቁት ሲስተር ዘነበች

ዲላ ውስጥ ብዙ የነርሲንግ ተማሪዎችን ያሠለጠኑት ሲስተር ዘነበች ባለፈው ማክሰኞ ጠዋት አርፈዋል። የሰማሁት ለተግባር ልምምድ ልወጣ ነጭ ጋውኔን ስለብስ ነው። አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። ሐዘኑ በኋላ መጣ። መጀመሪያ የተሰማኝ ፍርሃት ነበር።

ምክንያቱን ለምታውቋቸው ሁሉ ልናገር። ሦስተኛ ዓመት ሳለሁ በሕፃናት ክፍል ለአንዲት ትንሽ ልጅ ግሉኮስ ልሰካላት ሞክሬ ሦስቴ ወግቼ የደም ሥሯን ሳትኩ። እናቷ እጄን ከልጇ ላይ አነሳችው። ሲስተር ተተክተው ሰኩላት፤ ልጅቷም ዳነች። እኔ ግን እንደ ቀድሞዬ አልሆንኩም። ምግብ አስጠላኝ፤ ማጥናት ቀርቶ ደብተር መክፈት አቃተኝ። በሽተኛ ሲጣራ ሰውነቴ ይደነዝዝ ጀመር። ለሚያቃስት ሰው አለማዘኔ ደግሞ ከሁሉ ይበልጥ አስፈራኝ። በሳምንቱ ሻንጣዬን ይዤ ቤተሰቦቼ ጋ፣ ገደብ ከተማ፣ ልመለስ መናኸሪያ ሄድኩ።

የክፍል ጓደኛዬ ነግራቸው ኖሮ ሲስተር በባጃጅ ደረሱ። ይቆጡኛል ብዬ ነበር። አጠገቤ ተቀመጡና እሳቸውም በተማሪነታቸው ትምህርቱን ጥለው ጨለለቅቱ ከተማ ወላጆቻቸው ቤት አንድ ወር እንደቆዩ አጫወቱኝ። ከዚያ፣ «አልችልም የምትዪው ደክሞሽ ነው። ደክሞሽ ሳለ በራስሽ ላይ አትፍረጂ» አሉኝ።

አትሂጂ አላሉኝም። አንድ ሳምንት እንዳርፍ፣ ፈቃዱን እሳቸው እንደሚያስጨርሱልኝ፣ ስመለስም አብረን እንደምንገባ ነገሩኝ። ተመለስኩ። ሁለት ወር ሙሉ መርፌ በያዝኩ ቁጥር ከጎኔ ነበሩ፤ ሥራዬን ግን አልነጠቁኝም።

መታመማቸውን ለማንም ሳይናገሩ ኖረዋል። አንዳንዴ ግድግዳ ተደግፈው ዓይናቸውን ይጨፍኑ ነበር፤ እኛ የራሳችንን ድካም ስናስታምም የሳቸውን አላየንም። ሆስፒታል ተኝተው ልጠይቃቸው ስገባ ሕመሙ እንደማይድን ሐኪሙ እንዳላቸው በዝግታ ነገሩኝ። ከዚያ እጄን ያዙና፣ «ፈርቻለሁ ልጄ፤ ትንሽ ቆዪልኝ» አሉኝ። እንደዚያ ፈርቼ አላውቅም። እሳቸው ከፈሩ እኛ ምን ልንሆን ነው? እንቅልፍ እስኪወስዳቸው ድረስ ግን ከአጠገባቸው አልተነሳሁም።

ሲስተር፣ አዲሶቹ ተማሪዎች ትናንት ለልምምድ ገቡ። አንዷ ኮሪደሩ ላይ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ስታለቅስ አየሁና እርስዎን ልጠራ ዞር አልኩ። ያኔ ነው መሄድዎን በእርግጥ ያወቅኩት። ወደ ልጅቷ ሄድኩ። ስሟን ጠየቅኳት፤ ነገረችኝ። ከዚያ ወዲያ እርስዎ የሚያደርጉትን ገና አላወቅኩበትም። እርስዎ ግን ብዙ ደክመዋል፤ አሁን ይረፉ፣ እናታችን።