ፓምፑን የሚያዝዘው ፕሮግራም

ሰመራ የኤሌክትሪክ ሥራ እየሠራሁ ነው የምኖረው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ከአንድ ጓደኛዬ ጋር የቤት ማራገቢያና የውሃ ፓምፕ በስልክ የሚያዝዝ ፕሮግራም ሠርተን ነበር። የጻፈው እሱ ነው። ሽቦውን የዘረጋሁት፣ ውሃ ሲያልቅ ፓምፑ በደረቁ ሠርቶ እንዳይቃጠል በየቤቱ እየዞርኩ የሞከርኩት ደግሞ እኔ ነኝ። ማንም አውርዶ እንዲጠቀምበትና እንዲያሻሽለው በነፃ ኢንተርኔት ላይ ለቀቅነው።

ገጹ ላይ የነበረው ግን የእሱ ስም ብቻ ነው። የኔንም እንዲጨምር ስጠይቀው ካፌ ውስጥ፣ የሚያውቁን ሰዎች በተቀመጡበት፣ "ሽቦ መቀጠልና ፕሮግራም መጻፍ አንድ መሰለህ እንዴ?" አለኝ። ሰዎቹ ሳቁ። እኔም አብሬ ሳቅሁ። እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ ያ የራሴ ሳቅ ነው።

ከዚያ አዲስ አበባ ሥራ አግኝቶ ሄደ፤ ፕሮግራሙንም እርግፍ አድርጎ ተወው። አዳዲስ ስልኮች ሲመጡ ፕሮግራሙ አልፎ አልፎ ፓምፑን ማቆም ይረሳ ጀመር። ሰው ሁሉ የኔን በር ያንኳኳል። ስደውልለት አያነሳም፤ ስጽፍለት አይመልስም።

ተረካቢ መፈለግ ጀመርኩ። እውነቱን ለመናገር ፕሮግራሙ አሳዝኖኝ አልነበረም። የቆዩ መልእክቶችን ሳገላብጥ አንዲት ሴት አንድ ጉድለት አስተካክላ ልካለት ኖሮ፣ ሰው ሁሉ በሚያነብበት ቦታ "መጀመሪያ ተማሪ፣ ከዚያ ትልኪያለሽ" ብሎ እንደመለሰላት አየሁ። ሳጠያይቅ አዋሽ ከተማ የከባድ መኪና ኤሌክትሪክ ትጠግናለች አሉኝ። ደስ አለኝ። እሱን ለማሳረር ከእሷ የተሻለ ሰው ከየት ይገኛል?

በማግስቱ ማልጄ ተሳፈርኩ። ጋራዡ ስደርስ እጇ እስከ ክርኗ ግራሶ ሆኖ አገኘኋት። የመጣሁበትን ነገርኳት።

"ወንድሜ፣ ፕሮግራሙን ልታድን ነው የመጣኸው ወይስ ሰውየውን ልትበቀል?"

"ሁለቱንም።"

"እኔ የመጀመሪያውን እሠራለሁ። ስሙ ግን አይነሳም፣ የጻፈው እሱ ነው። ያንተም ይገባል።"

ስሙ መቆየቱ አልተዋጠልኝም፤ ግን ተስማማሁ። እሷ ፕሮግራሙን ገልብጣ በአዲስ ስም አወጣችው፤ ጉድለቶቹንም አንድ በአንድ ማረም ጀመረች። ሌሎች የሚልኩትን ማሻሻያ እየሞከርኩ ማሳለፉን ለኔ ሰጠችኝ። ተጠቃሚው ሁሉ ወደኛ ዞረ።

ያኔ ያ ጓደኛዬ ደወለ። "ሥራዬን ሰረቃችሁኝ" አለ።

"በነፃ የለቀቅከው አንተ ነህ። ማን ሰረቀህ?" አልኩት ረጋ ብዬ። ያቺን ቃል መንገድ ለመንገድ ስለማመዳት ነው የከረምኩት።

ከሳምንታት በኋላ ማስተካከያ ላከ፤ ፓምፑ በደረቁ እንዳይሠራ የሚያደርግ። ቤቴ ሞከርኩት፤ ያለ እንከን ሠራ። "ገና አልተረጋገጠም" ብዬ ጻፍኩለት። በየሳምንቱ በትሕትና ይጠይቃል፤ በየሳምንቱ ያንኑ እመልሳለሁ። ልመናውን ደጋግሜ አነበው ነበር።

እንዲህ እንዳለን ከወሎ መጥተው ሰመራ ትንሽ ሆቴል የከፈቱ የአንዲት እናት ፓምፕ ውሃ አልቆ በደረቁ ሲሠራ ተቃጠለ። የአዋሿ ሴት ወሬውን ሰምታ ደወለችልኝ።

"የላከውን ሞክረኸዋል?"

"ሞክሬዋለሁ።"

"ይሠራል?"

"ይሠራል።"

ስልኩን ዘጋችው። ማስተካከያውን በዚያው ሰዓት አስገባች፤ የመሞከሩንም ሥራ ከኔ ወሰደች። ቆይቶ ሳይ ለማን እንደሰጠችው ታወቀኝ። ለእሱ ነው።

እኔ ሌላ ፓምፕ ይዤ ሆቴሉ ሄድኩና ገጠምኩላቸው። ሴትዮዋ አጠገቤ ቆመው፣ "ልጄ፣ ምን ነክቶት ነው የተቃጠለው?" ብለው ጠየቁኝ።

"መብራት ነው፣ እማማ። ሲሄድ ሲመጣ ያቃጥለዋል" አልኳቸው።

"ወላሂ፣ አንተ ባትኖር ምን እሆን ነበር" አሉና ረጅም ዱዓ አደረጉልኝ። አንገቴን ደፍቼ ብሎኑን ማጥበቄን ቀጠልኩ።